ከጥለቱ በፊት ነጩን

ሰንፔር ሊገዛ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ድንጋዩን ብርቱ መብራት ሥር ያኖረዋል። ነገሩ የገባው ገዢ ግን ድንጋዩን ከመብራቱ ሥር አንስቶ ወደ በሩ ብቅ ይላል፤ በቀን ብርሃን እያገላበጠ ጀርባውን ያያል። ቆራጩ ክብደት እንዳይቀንስበት ሳስቶ የድንጋዩን ሆድ አወፍሮት እንደሆነ፣ ወይም ከልክ በላይ አሳስቶት ብርሃኑ ሳይመለስ በመሐሉ ሾልኮ የሚያልፍ እንደሆነ ይመረምራል። ከዚያ ይጠይቃል። ከየት ወጣ? ቀለሙ እንዲጠራ በእሳት አልፏል? ስንጥቁ በመስታወት ተደፍኗል? ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከአክሱም አካባቢ፣ ከጭላ የሚወጣው የአገራችን ሰንፔርም ከእነዚህ ጥያቄዎች አያመልጥም። ሰንፔር በጥንካሬ ከአልማዝ ቀጥሎ የሚጠራ ድንጋይ ነው፤ ገዢው የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ሳይሆን ድንጋዩን በነካው እጅ ነው።

የጋሞ ደጋ የሚታወቀው በሰንፔር አይደለም። እንደ ሰንፔር ገዢውን የሚፈትን፣ እንደ ሰንፔር ወደ ብርሃን ተነስቶ መታየት ያለበት ሥራ ግን አለው፤ ሸማ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ሙቀት እየተራቀ በሄደ ቁጥር ሙዙ ይቀርና እንሰቱና ቀርከሃው ይተካል፤ ጨንቻ ሳይደረስ፣ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ዶርዜ አለ። የመንገዱ ዳር በገመድ ላይ በተሰጡ ሻርፖች ያሸበረቀ ነው። ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ የተሠሩበት ክር ጥጥ አይደለም፤ ጥሩ ሥራ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን እዚያ ባይጨርስ ይሻለዋል። ወደ ግቢዎቹ ዘልቆ ሸማኔውን ከነሥራው ማየት፣ ወይም ሰኞና ሐሙስ ለዶርዜ ገበያ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ለጨንቻ ገበያ መድረስ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ አለለት፤ እዚያ ከሚሸጠው ሸማ ብዙው የጋሞ እጅ ያረፈበት ነው።

የትም ይሁን የት የሚሆነው አንድ ነው። ሻጩ ነጠላውን ሲዘረጋ ጥለቱን ወደ ገዢው ያዞራል። ገዢውም ጥለቱን ከጫማ፣ ከጌጥ፣ ከመጪው ሠርግ ጋር በሐሳቡ እያስማማ ይመርጣል፤ «ይሄኛው ሰፋ ያለ የለም?» ይላል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ አስጠቅልሎ ይሄዳል። ነጩን ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን የሸማ ዋጋ ነጩ ላይ ነው ባይ ነኝ። ጥለት ቀለም አለው፤ ቀለም ደግሞ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ነጩ ላይ የፈታይዋም የሸማኔውም እጅ መደበቂያ የለውም። አንዲት ክር ብትላላ ትታያለች፤ አንድ ምት ቢሳሳት እስከ ዘለዓለሙ እዚያው ይኖራል።

ነጩን ለማየት ግን እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥጥ በደጋው አይበቅልም፤ ከቆላ ነው የሚመጣው። ፍሬው ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶቹ እጅና የእንዝርት ጉዳይ ነው። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች፤ የክሩን ውፍረት የሚወስነው በጣቶቿ መሐል የምታሳልፈው የጥጥ መጠን ነው። መለኪያ የለም፤ ጣት ብቻ ነው። ጥጡ ሲበዛ ክሩ ያብጣል፣ ሲያንስ ይበጠሳል። ካላከረረችው ይፈታል፤ ከመጠን በላይ ካከረረችው ደግሞ ይኮማተርና ሸማውን ያሻክረዋል። ይህን ሁሉ እያወራች፣ ልጅ እየተቆጣች፣ እንግዳ እየተቀበለች ታደርገዋለች። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት ለማዘጋጀት የሚሄደው ጊዜ ጋቢውን ለመሸመን ከሚሄደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገበያ ላይ ስሙ የሚነሳው ሸማኔው ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የጋቢ ግማሽ ክብር የፈታይዋ ነው።

ብዙ ገዢ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ፍጹም እኩል ሲሆን «እንዴት ያለ ጥራት!» ይላል። ፍጹም እኩል የሆነው የፋብሪካ ክር ነው። ጥሩ ፈትል ውፍረቱ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድንገት አይቋጠርም፣ ድንገትም አይሳሳም። በዚህ ከፍ ዝቅ መሐል አየር ይያዛል፤ የጋቢ ሙቀት ከዚያ ነው። ቀለሙም ወተት መሳይ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የሚያብረቀርቅ ንጣት ያለው ሸማ በኬሚካል የነጣ ክር ያለበት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ ክር፣ ማጉን ፈትል ያደርጋል። ይህ ማታለል አይደለም። ድር ተወጥሮ የሚሠራበት፣ በየምቱ የሚፋተግ ነውና ጥንካሬ ይፈልጋል። ማታለል የሚሆነው ድሩም ማጉም የፋብሪካ ሆኖ ሳለ «ሙሉ ፈትል ነው» ተብሎ በፈትል ዋጋ ሲሸጥ ነው። ጠንቃቃ ነኝ የሚል ገዢ ዘርፉን ጎትቶ ያያል፤ ዘርፍ ግን የድር ጫፍ ነው፤ ስለ ማጉ አንዳች አይናገርም። ከዘርፉ ሥር ያለውን የመጨረሻውን ማግ በጥፍር ሳብ አድርጋችሁ አንድ ጣት ያህል አውጡና በተከረረበት ተቃራኒ አፍታቱት። ፈትል ከሆነ በጣታችሁ መሐል ተበትኖ ባዘቶ ወደ መሆን ይመለሳል። የፋብሪካው ክር እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

አሁን ወደ ሸማኔው እንለፍ። መሬት ተቆፍሮ በተሠራው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫዎቹን ይረግጣሉ። አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በተከፈተው አፍ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሰደዋል፤ ያለፈውን ማግ መትቶ ያስጠጋል፤ ሌላውን መርገጫ ይረግጣል። የሸማ ወርድ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ሁለት እጅ ተቀባብሎ ከሚደርስበት በላይ አይሰፋም። ነጠላው በመሐሉ ስፌት ያለውም ለዚህ ነው። (ዶርዜ የሚሸምነው ጥጥ ብቻ አይደለም። የዝሆን ራስ የሚመስለው ረጅሙ ቤቱ የተሠነጠቀ ቀርከሃ እየተጠላለፈ የሚሠራ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ፣ እያጠረ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። እዚያ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ መጠላለፍን ከግድግዳው ይማራል።)

የሥራው ምሥጢር ምቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጣት ስፋት ውስጥ የሚገቡት ማጎች ቁጥር የሚወሰነው ሸማኔው በሚመታበት ኃይል ነውና እጁ ሲለዋወጥ ሸማው ይለዋወጣል። ጠዋት ክንዱ ትኩስ ነው፤ አመሻሽ ላይ ይዝላል። ምሳ በልቶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ካቆመበት ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ጥሩ ሸማኔ ግን ይህን ስለሚያውቅ ድካሙን ወደ ጨርቁ አያሳልፍም። እጁ ሲዝል ያርፋል፤ ሲመለስም ከቀድሞው ምት ጋር እስኪስማማ ድረስ በእርጋታ ይጀምራል።

ስለዚህ ነጠላውን ከሱቁ ጨለማ አውጥታችሁ በሁለት እጃችሁ ወደ ሰማይ አንሱት። በአግድም፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጠቆር ያለ ወይም ገርጣ ያለ መስመር ካያችሁ፣ ያ ምቱ የተለወጠበት ቦታ ነው። አንድ ሁለት ቢሆን የሰው ሥራ ነው እላለሁ፤ በየክንዱ ከሆነ ግን ሸማኔው ቸኩሏል። በቁመት የሚወርድ ቀጭን የብርሃን ስንጥቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ድር ተበጥሶ ሳይቀጠል ተሸምኗል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ከታጠበ በኋላ ይበልጥ ይከፈታል። የተቀጠለ ድር ቋጠሮ አለው፤ ቋጠሮ ነውር አይደለም፤ ትንሽና ጥብቅ ይሁን እንጂ። እዚህም እዚያም ሳይጠላለፍ ዘሎ ያለፈ ክር ግን ቀለበትና ጥፍር እየያዘው የሚመዘዝ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ብርሃን አያሳልፍም። ጠርዙ ላይ ገልጣችሁ እያንዳንዱን ድርብ ለየብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ዳስሱት፤ ውጪው ጥቅጥቅ ብሎ ውስጡ የላላ ከሆነ እጅ ወዲያው ይለየዋል። ክብደቱንም ክንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ መዝኑት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድር እንዳይበጠስ ሲባል ስታርች ነገር ይቀባል፤ ከበዛ የሳሳውን ሸማ የደነደነ ያስመስለዋል። ጥጉን በውኃ ነክራችሁ እሹት፤ የሚያሙለጨልጭ ነገር ወጥቶ ጨርቁ በእጃችሁ ላይ ከሟሸሸ፣ የያዛችሁት ክብደት በመጀመሪያው እጥበት የሚሄድ ነው።

ከነጩ ቀጥሎ ዳሩን እዩ። የጥሩ ሸማኔ ዳር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ማጉ ወጥቶ ቀለበት አይሠራም፣ ወደ ውስጥም ጎትቶ አያሸበሽበውም። ሁለቱን የወርድ ጫፎች አንድ ላይ አጥፋችሁ ለኩ፤ መጀመሪያ ላይ ሰፍቶ መጨረሻ ላይ ከጠበበ ማጉን ሲያሳልፍ ከመጠን በላይ እየሳበው ነበር። ከዚያ የመሐሉ ስፌት። ሁለቱ ግማሾች ሲጋጠሙ በአንዱ ጥለት ላይ ያለው መስመር በሌላው ላይ ካለው ጋር ካልተገናኘ፣ ሸማኔው ሁለቱን ሲሠራ አልቆጠረም፣ ሰፊውም አልተጨነቀም። ዘርፉም ይታይ፤ ሲቋጭ በእኩል ቁጥር ክር ተከፍሎ፣ በእኩል ተከርሮ፣ ቋጠሮዎቹ በአንድ መስመር ላይ ካረፉ ከዚህ ሸማ ጋር እስከ መጨረሻው የተቀመጠ ሰው ነበረ ማለት ነው። እኔ አብልጬ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ዘርፍ ለመቋጨት የደረሰ ሰው ሥራው አልቆለታል፣ ገንዘቡም ቀርቦለታል፤ እዚያ ላይ ያልቸኮለ ሌላውም ላይ አልቸኮለም።

አሁን ጥለቱን መመልከት ይቻላል። የተሸመነ ጥበብ ከሥራዎች ሁሉ ዓይንና ትዕግሥት የሚፈጅ ነው። ሸማኔው ድሩን እየቆጠረ በጣቱ ወይም በቀጭን እንጨት ያነሳል፤ ባለቀለሙን ክር በተነሳው ሥር ያስገባል፤ ቀጥሎ ነጩን ማግ ወርውሮ ይመታል፤ እንደገና ይቆጥራል። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም፤ በቃል ነው የሚያዘው። በመስቀሉ ወይም በአልማዝ ቅርጹ አንዱ ክንፍ ላይ አንድ ድር ቢሳሳት ሌላው ክንፍ አይገጥምም፤ ስለዚህ ቅርጹን በመሐሉ አጥፋችሁ ግራና ቀኙን አስተያዩት። የነጠላውን ሁለት ጫፎችም ጎን ለጎን አድርጉ። ጀርባውን ገልብጡት፤ ረጃጅም ሆኖ የተንጠለጠለ ክር ካለ ጉትቻና አምባር ይጎትተዋል።

የተሸመነ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ከነጩ ጋር አንድ ገላ ሆኖ ይሰማል። በማሽን የተጠለፈው ከላይ ይቆማል፤ ዙሪያውን ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ጀርባው ላይ ሌላ ክር አለ። የታተመው ደግሞ ሲገለበጥ ጀርባው የገረጣ ነው። ጥልፍም ኅትመትም በዋጋቸው ቢሸጡ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ በሽመና ስም መሸጣቸው ነው። ወርቀዘቦ ያለበትን የሚገዛ ሰው፣ ዛሬ ብዙው ወርቃማ ክር የፕላስቲክ ሥሥ ሽፋን ያለው በመሆኑ ትኩስ ካውያ እንደማይወድ ይወቅ። ቀዩን፣ ጥቁሩን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ማሸት ነው፤ ቀለም ከለቀቀ በመጀመሪያው እጥበት ያን ሁሉ ነጭ ያበላሻል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ሲገዛ ይህ ፈተና የግድ ነው፤ ሱሪ ሆኖ ከተሰፋ ደግሞ መስመሮቹ በስፌቱ ላይ መገጣጠማቸው ይታይ።

የክሩን ዓይነት ለመለየት ሰዎች አንድ ክር መዘው ክብሪት ይለኩሱበታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጥሮ ይቀራል፣ ሽታውም የፕላስቲክ ነው። ፈተናው ጥሩ ነው፤ ግን ሬዮን የሚባለውን የሚያብለጨልጭ ክር አያጋልጥም፤ እሱም እንደ ጥጥ ይነድዳልና። ሬዮንን የሚያጋልጠው ውኃ ነው፤ ሲረጥብ ጉልበቱን ያጣል፣ ሳብ ሲያደርጉት በቀላሉ ይበጠሳል። ጥጥ ግን ረጥቦ ይጠነክራል።

እስካሁን ያወራነው እጅ ሊነካው ስለሚችለው ነው። ሰንፔር ገዢው «ከየት ነው?» እንደሚለው ሁሉ ሸማ ገዢም ሊጠይቅ የሚገባው አለ። «ወንድሜ፣ ማን ፈተለው? ማን ሠራው?» ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ባለቤቴ ፈተለችው፣ እኔ ሠራሁት፣ ወንድሜ ቋጨው ይላል። ጥያቄው ወግ ለመያዝ ብቻ አይደለም። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ልጆች ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከጠዋት እስከ ማታ ሽመና ላይ መዋላቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በልጆችና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥም በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያ ጨርቅ ሰፍሯል። ከሁሉም ሱቅ ረክሶ የተገኘ ጥበብ ሲያጋጥም ርካሽነቱ ከማን እንደተቆረጠ መጠየቅ የገዢ ግዴታ ይመስለኛል። ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ከአባቱ ሙያ መማሩ ሌላ ነው፤ ልጅ ተሽጦ መሥራቱ ሌላ ነው።

ክርክር የገበያ ወግ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን በብዙ የአገራችን ክፍል ሸማኔ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በዶርዜ ግን ሽመና የሚያስከብር የወንድ ሙያ ነው። ያ ንቀት ዛሬ በስድብ ባይመጣ በዋጋ ሲመጣ አያለሁ፤ ለውጭ አገር ሻርፕ የተጠራውን ዋጋ ያለ ቃል የሚከፍል ሰው ዘርፉ እንዲያ ለተቋጨ ነጠላ ግማሹን ሲጠራ ያሳፍራል። ጉድለት ካገኛችሁ ጉድለቱን አሳይታችሁ ተከራከሩ። ሸማኔው ሥራውን የምታዩ መሆናችሁን ሲያውቅ የታጠፈውን፣ ከሥር ያስቀመጠውን ማውጣቱ አይቀርም።

ጊዜም አለው። እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ ሲቃረብ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ እጁም ይቸኩላል። በመስከረም ደግሞ በየከተማው ያለው የጋሞ ሸማኔ ለመስቀል በዓሉ፣ ለዮ ማስቃላ፣ ወደ አገሩ ይገባል፤ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሸማኔ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ጨንቻና ዶርዜ ላይ ግን ሁሉም አገሩ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የቀድሞው መንገድ ነው፤ ማዘዝ። እናቶቻችን የፈተሉትን ልቃቂት ይዘው ሸማኔ ቤት ይሄዱ ነበር፤ የሚከፍሉት ለሽመናው ብቻ ነው። ዛሬ ፈታይ በቤት ባይኖር እንኳ ፈትሉን ገበያ ላይ ከፈታይዋ እጅ፣ በዓይንም በጣትም መርምሮ ገዝቶ መውሰድ ይቻላል። ከሸማኔው ጋር ቁመቱን፣ ድሩ ምን እንደሚሆን፣ ጥለቱ ስንት ጣት እንደሚሰፋ፣ ዘርፉን ማን እንደሚቋጭ አስቀድሞ መነጋገር፣ ቀብድ ከፍሎም ከበዓል የራቀ ቀን መቁረጥ ነው። ሲጨርስም ከመረከብ በፊት ነጩን ከደጅ አውጥቶ ወደ ብርሃን ማንሳት፤ ሸማኔው አይቀየምም፣ እሱም እንዲሁ አድርጎ ነው ያጠፈው።